የቀጠሮ ጾም

ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለች ወጣት ሲኩራሩ ሰማሁ።

«እኔ ስኳሬን አውቅበታለሁ። የሆስፒታል ቀጠሮዬ ሦስት ቀን ሲቀረው ከውኃ በቀር አልቀምስም። ዛሬም ወደዚያው ነኝ።»

«ከዚያስ አባባ?»

«ሐኪሙ ይለካኝና ‹ጎበዝ፣ ወርዶልዎታል› ይለኛል።»

«ሌላውን ጊዜስ?»

«ሌላውን ጊዜማ ማኅበር አለ፣ ሠርግ አለ፣ ጠላው አለ!»

«ታዲያ የሚያክሙት ሐኪሙን ነው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

«ምን ላድርግ ልጄ?»

«እንዲያ መራቡ አንድ ቀን ይጥልዎታል። በየቀኑ መጥነው ይብሉ፣ ጠላውን ይተዉ። ደግሞ አሁን የሦስት ወሩን ስኳር የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ።»

«የሦስት ወሩን? ሠርጉንም ጭምር?»

«ሠርጉንም።»

«ሾፌር፣ ወራጅ አለ!»

እኔም ከውኃ በቀር ሳልቀምስ ሦስተኛ ቀኔ ነበርና ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብሁት።