እርጎ ለመጠጣት እስከ ዱከም

እኔን የገጠመኝ ማንንም አይግጠመው። የታዘዘልኝን ኪኒን ስጨርስ ጭራሽ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋና ወደ ሰፈራችን ድሬሰር ሄድኩ። "ኪኒኑ ጥሩውንም ጀርም ጠርጎብሻል" አለኝ። ጥሩ ጀርም የሚባል ነገር አለ እንዴ? "አለ እንጂ! በተለይ ለእናንተ ለሴቶች እሱ ሲያልቅ ጣጣው ከሆድም አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ለሁለት ሳምንት እርጎ ጠጪ!" ጊዜው ግን ሁዳዴ ነው። የነፍስ አባቴ "ለሕመም ነውና ፈቅጃለሁ፤ ብቻ ሰው እንዳታሰናክዪ" አሉኝ። አቃቂ ላይ ይሄ እንዴት ይሆናል? ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ጥሩነሽ በጾም ማን ቤት ቅቤ እንደሸተተ ለድፍን ሰፈር የሚያወሩ ሴት ናቸው! ስለዚህ እርጎዬን በፔርሙዝ ይዤ እስከ ዱከም የባቡር ትኬት ቆረጥኩ።

ባቡሩ የአቃቂን ድልድይ እንዳለፈ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ ጠጣሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሴትዮም ተሸፋፍነው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ባቡሩ ሲንገጫገጭ የሁለታችንም ነጠላ ወረደ። እትዬ ጥሩነሽ! ከንፈራቸው ላይ ነጭ የእርጎ ጢም አብቅለዋል።

"በሁዳዴ?" ብለው ጮኹብኝ፣ ጢማቸውን እንኳ ሳይጠርጉ።

"ድሬሰሩ አዞኝ ነው። እርስዎስ?"

"እኔንም እሱው ነው ያዘዘኝ። ታዲያ ከማን ሸሽተሽ ነው ባቡር የተሳፈርሽው?"

"ከእርስዎ ነዋ!"

"ወይ ጉዴ! እኔም እኮ ካንቺ ነው!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኬቱን አብረን መቁረጥ ያዝን። ቤታችን ብንጠጣማ ጎረቤት ምን ይለናል?