ሁለቱ ውሸታም የጭስ ማውጫዎች

እሑድ ከጸሎት ስመለስ የጎረቤቴን የባርናቢ ኮትልን ጣራ ጭስ ሸፍኖት አየሁና ሮጬ ገባሁ። እሳት በሌለበት ጭስ የለም ይባላል፤ ይህን ያለ ሰው የእኛን መንደር አላየም። ሽማግሌው ቆጥ ላይ ወጥቶ እርጥብ ገለባ በገል ላይ ያጨሳል። ከሥር መሰላሉን የያዘው ከተማ ተምሮ የመጣው የእኅቱ ልጅ ሂዩ ነው። የባርናቢ ሚስት ዶርካስ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትስላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባርናቢ ቤት ምድጃው አንድ፣ የጭስ ማውጫው ግን ሦስት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው አምብሮዝ ፒክ ሦስት አለው ብሎ፣ ባርናቢ ሁለቱን በእልህ ጣራው ላይ ብቻ አቆማቸው፤ እሑድ እሑድም ጭስ እንዲወጣባቸው ከሥራቸው ገለባ ያጨሳል። ንጉሡ በየምድጃው ግብር ሲጥሉ አገር ሁሉ ምድጃውን እየደፈነ ሲደብቅ፣ የእኛ ሰው ሰብሳቢውን በር ላይ አስቁሞ «ሦስት ነው፤ መግባት አያስፈልግም» ብሎ አጻፈ። መክፈል ስላቃተው ነገ ሹሙ መጥቶ አልጋቸውን ሊወስድ ነው።

«አጎቴ፣ ነገ ሹሙን ያስገቡትና አይቶ ይሂድ» አለ ሂዩ። «አንድ ምድጃ ያለው ችግረኛ፣ ቄሱ ከፈረሙለት ግብር የለበትም። ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ችግረኛ? እኔ?»

«ትናንት ማታ እኮ ጎመን በውሃ ነው የበላነው።»

«ውሃው ትኩስ ነበር» አለ ባርናቢ። «አባቴ ግብር ከፋይ ነበር። ደሃ ተብዬ ከምጻፍ መሬት ላይ ልተኛ።»

«አንተ ተኛ፤ እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ?» አለች ዶርካስ። «ልጆቼን ሁሉ የወለድኩት እዚያ አልጋ ላይ ነው።»

«ፒክ ምን ይለኛል?»

«ፒክ ሲበርድህ አያለብስህም።»

አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ባርናቢ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኩት።

«መምህር፣ እርስዎ ደሞዝ አለዎት፤ ተረት አያልቅብዎትም» አለኝ። ተናደድኩ። እውነቱን ስለነበር ግን ዋጥ አደረግኩት።

ሂዩ ቀስ ብሎ፣ «ይህ ሁሉ ጭስ ለማን ነው?» አለው።

«ለፒክ! ቆሞ ይየው።»

ይህን እያለ እጁን ሲያወራጭ ፍም ከገሉ ወጥቶ የሣሩ ክዳን ውስጥ ገባ። ሣሩ ቦግ አለ። ዶርካስ የእሑድ ምሳቸውን ከነድስቱ ለሂዩ አቀበለችው፤ እሱም ወጥቶ እሳቱ ላይ ደፋው። ግማሹ አጎቱ ላይ ነበር የፈሰሰው።

ባርናቢ ጎመን ከጆሮው ላይ አነሳ። ክዳኑን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያ «ቄሱ አሁን ቤታቸው ይገኙ ይሆን?» አለ።

በማግስቱ ሹሙ ገብቶ አንድ ምድጃ አየ፣ የቄሱን ፊርማ አነበበ፣ ባዶ እጁን ወጣ። አልጋው ከነባለቤቶቹ ዳነ። ሁለቱ ውሸታሞች ፈርሰው ጡባቸው ጭቃ የነበረውን ወለል አለበሰ፤ የዶርካስም ሳል ለቀቃት። እንግዲህ በልክ መኖር እንዲህ ነው የሚክሰው፤ ጤናም፣ አልጋም፣ ደረቅ ወለልም ይሰጣል።

እኔ ምክሬን እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን ጭስ ማውጫዎቹ የፈረሱ ዕለት አመሻሽ ላይ አምብሮዝ ፒክ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩን አንኳኳ።

«ባርናቢ፣ መሰላልህን ታውሰኛለህ? የማወርዳቸው ጭስ ማውጫዎች ነበሩኝ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት» አለ ፒክ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ባርናቢ መሰላሉን ራሱ ተሸክሞለት ተሻገረ። ለካ ሁለቱ ሽማግሌዎች እሑድ በመጣ ቁጥር በየቆጣቸው ሲታፈኑ፣ አንዱም የሌላውን ጭስ አይቶት አያውቅም ነበር።