ምድጃ ላይ የተጣደ ጠበል

ባለቤቴ ወገቡን ታሞ ከተኛ ሰንብቷል። እህቴ ከአገር ቤት በሰው የላከችለትን ጠበል ምልክት ሳላደርግበት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ሳውዝ ሲ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስመለስ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ፎርም ስሪ የምትማረው ልጄ ቴርሞሜትር ይዛ ምድጃው ላይ አጎንብሳለች፤ ድስቱ ይንተከተካል።

«ማሚ፣ የፊዚክስ ሆምወርኬን ነይ እዪ! በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ እሳቱ እየነደደ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። ሙቀቱን ሁሉ መቅለጡ በላው!»

«በረዶውን ከየት አመጣሽው?» ስላት በቢላ የተሰነጠቀውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አሳየችኝ። በስመ አብ!

«የአባትሽን ጠበል ነው የቀቀልሽው?»

ልጄ ክው አለች። የቀረውን ላተርፍ ድስቱን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። «ፖሌ ማሚ፣ ይቅርታ… ስንት ላይ እንደሚፈላ ለማየት ጨው ጨምሬበታለሁ።»

እኔማ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሷ ግን ቀዝቃዛ ክዳን እንፋሎቱ ላይ ደቀነች። «ጨው አይተንም ማሚ፣ የሚወጣው ውሃው ብቻ ነው» እያለች፣ እያለቀሰች፣ ጠብታውን ስኒ ውስጥ አጠራቀመች። ቀመስኩት፤ እውነትም ጨው የለውም። አማትቤ ለባለቤቴ ሰጠሁት፤ ጠጣው። ጠበልነቱ እንዳለ ይሆን ብዬ ቄሱን ለመጠየቅ ግን እስካሁን አልደፈርኩም።