ኩላሊቴ የተፈወሰ ዕለት

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ሲጋራ ሳጨስ ያን ሁሉ ደረጃ መውረድ ስለሚሰለቸኝ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ "አቆምኩ" ብዬ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ገዛሁ። ቬፕ ደረጃ አያስወርድም፤ ሽንት ቤት ገብቶ በር ቆልፎ መሳብ ነው። ችግሩ ስወጣ፣ ገና በሩን ሳልዘጋ እንደገና ያምረኛል።

ባለፈው እሁድ አማቴ ሲጋራ መተዌን እንድመሰክር ብለው የጸሎት ጓደኞቻቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። መዝሙሩ ሳያልቅ ሽንት ቤት ተመላለስኩ። ተነስቼ "ጌታ ከሲጋራ ነፃ አወጣኝ" አልኩና ወዲያው "አንዴ ይቅርታ" ብዬ ወደዚያው ላመራ ስል አማቴ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ስትመላለስ አይተንሃል እኮ። ኩላሊትህን ነው አይደል?"

"አዎ፣ እማዬ" አልኩ።

እጃቸውን ጫኑብኝ፤ ሳሎኑ በጸሎት ተናወጠ። ሲጨርሱ "ተፈውሰሃል!" አሉኝ። እኔም ከሁሉም ጋር "አሜን!" አልኩ። የተፈወሰ ሰው ደግሞ ሽንት ቤት አይመላለስም። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ እጄን ኪሴ ከትቼ ቬፑን እያሻሸሁ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ከማዶ ሳቋን አፍና ታየኛለች። ላቤ ጠብ ጠብ ሲል አማቴ በሶፍት ግንባሬን እየጠረጉ፣ እንባ ባቀረሩ ዓይኖች ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

"እዩት! እየለቀቀው ነው!"