ሦስቱ ቆርኪዎች

የተወራረድነው በሃያ ብር ነው። ያኔ በደርግ ጊዜ፣ አራዳ ካለችው ሱቄ በሳምንት የማተርፈው ያንኑ ነበር። ደንበኛዬ የሆነ የፊዚክስ መምህር ጨው ሊገዛ መጥቶ ሦስት የቢራ ቆርኪ ባንኮኒዬ ላይ በሦስት ማዕዘን አስቀመጠና፣ "አያ ደረሰ፣ አንዱ ከተንጋለለ ጎረቤቱ ይደፋ። እያንዳንዱ ከሁለቱም ጎረቤቶቹ ይለይ" አለኝ።

"ይኼማ የሕፃን ሥራ ነው!" ብዬ ሃያዬን ቁጭ አደረግሁ። አንዱን አንጋለልሁ፣ ሁለተኛውን ደፋሁ። ሦስተኛው ግን ቢንጋለልም ቢደፋም ከአንዳቸው ጋር ተመሳሰለ። እኔ ሳልቆጥር አልሸነፍም፤ ያለውን አቀማመጥ ሁሉ ሞከርሁ።

"ስምንት ነው። በሁለቱ ሦስቱም ይመሳሰላሉ፤ በስድስቱ አንድ ጥንድ ብቻ ይበላሻል። ስድስቱ ደግሞ አይበላለጡም" አልሁት።

መምህሩ አፉን ያዘ። "ምነው አያ፣ ይኼን ማን አስተማረዎት? ውስጡ ጥቃቅን ማግኔቶች እንዲህ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡበት፣ እያንዳንዱም ከጎረቤቱ መለየት የሚፈልግበት የድንጋይ ዓይነት አለ። ሌላ ማግኔት ሲበርደው ተሰልፎ ይረጋል። እነዚህ ግን የማይበላለጥ አቀማመጥ ስለበዛባቸው፣ ምን ቢበርዳቸው እንደ ውሃ ሲዋልሉ ይኖራሉ ይባላል።"

"በደባርቅ ውርጭም?"

"የደባርቅ ውርጭ ለእነሱ የመተማ ሙቀት ነው!"

ሃያ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት። ከጨዉ አሥራ አምስት ሳንቲም ስላተረፍሁ፣ የከሰርሁት አሥራ ዘጠኝ ብር ከሰማንያ አምስት ነው። ቀበሌ በየሳምንቱ በሚያሰልፈን በዚያ ዘመን፣ ብርድ እንኳ የማያሰልፈው ነገር እንዳለ ማወቅ በዚህ ዋጋ ርካሽ ነበር።