የባለቤቷ መልእክት ዋና ሐሳብ
ለተይ ትምህርቷን አቋርጣ ቆይታ ዘንድሮ ወደ ክፍል የተመለሰች የቁሓ ከተማ ጎረቤቴ ናት። አማርኛ እያስነበብኩ የምንባቡን ዋና ሐሳብ ከዝርዝሩ መለየት አለማምዳት ነበር። አንድ ቀን አልረጋ ብላ ቆየችና መጽሐፉን ዘግታ ስልኳን ሰጠችኝ። «ዛሬ ይሄንን እንሥራ፣ መምህር» አለች። ለሥራ አዲስ አበባ የሄደው ጎንደሬ ባለቤቷ የጻፈላት ረጅም መልእክት ነው፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ታክሲ ሰልፉ፣ ስለ አሠሪው ያወራል።

አንብቤ ስጨርስ መቀመጫው ቆረቆረኝ። «ዝርዝሩ ብዙ ነው» አልኳት። «ዋናውስ?» አለችኝ። ሌላ ነገር ባገኝ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። «አይድከሙ» አለች ቀስ ብላ፤ «መቼ እንደሚመጣ አልጻፈም፤ ስለ ልጆቹም አልጠየቀም። ዋናው ሐሳብ እሱ ነው።» ስልኩን ከእጄ ተቀብላ አንዲት መስመር ጻፈችና «ፊደሉን ይዩልኝ» አለችኝ። «ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም?» ይላል። የሚታረም አልነበረውም። ላከችው።