ላልተጻፈ ሕግ የሚወጣ ሰልፍ

በውጭ በምንኖርበት አገር ፓርላማው በተዘጋበት ሰሞን ወደ መሀል ከተማው፣ ወደ ዳውንታውን፣ በሚሄደው ሳብዌይ ባቡር ውስጥ አንድ አባትና ልጃቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በአማርኛ ይከራከሩ ነበር። ልጅቷ ለሰልፍ የጻፈችበትን ካርቶን ጉልበቷ ላይ ይዛለች።

«ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማውን መዝጋት አይችልም የሚል ሕግ አለ?»

«የለም አባዬ። የአገሪቱን ንግሥት እንደራሴ ዝጉልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከፓርላማው ጥያቄ ለማምለጥ ብሎ ማዘጋት ግን አይደረግም።»

«የት ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። ኮንቬንሽን ይሉታል፣ ልማድ ነው። እዚህ አገር ግማሹ ሕገ መንግሥት እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ላልተጻፈ ነገር ብለሽ ፖሊስ ፊት ልትቆሚ?»

«ስላልተጻፈ ነዋ! ዝም ካልነው ነገም ይዘጋዋል። ያኔ መዝጋቱ ራሱ ልማድ ይሆናል።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኛ አገር ቤት የተጻፈ ነበረን። አጎትሽን ከሰልፍ መሀል ሲወስዱት ሰልፍ የሚፈቅደውን አንቀጽ በቁጥሩ ጠርቼ ነገርኳቸው።»

«ይህን ነግረኸኝ አታውቅም። ምን አሉህ?»

«አንዱ ወታደር ሳቀብኝ። አጎትሽን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

ባቡሩ ዳንዳስ ጣቢያ ሲቆም ልጅቷ ካርቶኗን ይዛ ተነሳች።

«አባዬ፣ ልወርድ ነው።»

«ቆይ፣ አብሬሽ እወርዳለሁ።»

«ሥራህስ?»

«ሥራ ቦታ ኮል አድርጌ ዛሬ አልመጣም እላለሁ። አንቺ ብቻ ከአጠገቤ እንዳትርቂ።»

እኔም በሩ ሳይዘጋ ልከተላቸው ብድግ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።